ለጋሽ ዳርጫ የተሰጠ ስንዝር

ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያው አጠገብ ካለ አንድ ሱቅ ገብቼ ጋቢ አሸተትኩ። የገባሁትስ ልገዛ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ልጇን ልትድር ነውና አጎት ባዶ እጁን አይሄድም። ግን የድሮ አመሌ አይለቀኝም፤ ጨርቅ እጄ ላይ ሲያኖሩልኝ ከማየቴ በፊት ወደ አፍንጫዬ አስጠጋዋለሁ። ሻጭዋ፣ ጥፍሯን እንደ ደረቀ በርበሬ ያቀላች ልጅ፣ ደንግጣ ጋቢውን ከእጄ መነጨቀችው።

«አባባ! ሶፍት ከፈለጉ እኮ እሰጥዎታለሁ!»

«ልጄ፣ አልተናፈጥኩበትም። እያሸተትኩት ነው።»

«ምን ምን ይላል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል? የፋብሪካ ነዋ!»

እውነቷን ነው። ዛሬ ምንም አለመሽተት ትልቅ ሙያ ነው። እኔ ግን እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ እግሬ ከዳኝ እንጂ ሐሳቤ አሁንም ያለ ከዘራ ይሄዳል። ድሮ ክር ሽታ ነበረው። ዓይኔን ብታስሩኝ ከደጋው ከኦቾሎ የወረደውን ክር ከቆላው ከላንቴ ከመጣው እለየው ነበር፤ ይህን በድፍረት የምናገረው ዛሬ ማንም ሊፈትነኝ ስለማይችል ነው። የደጋው ክር የተፈተለበትን ቤት ጢስ፣ የቆጮውን ኮምጣጣ ሽታ ይዞ ይመጣል። የቆላው ደግሞ ከሙዝ ጋር በአንድ ጓዳ ስለሚያድር ነው መሰለኝ ጣፈጥ ይላል። እኛ እንግዲህ የዚያን ሁሉ ሰው ቤት በአንድ ላይ እየመታን ጋቢ እናወጣለን።

እኛ የምለው የሸማኔዎች ማኅበሩን ነው። ከሴቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁል ሲወረድ፣ ዛሬ ሞባይል መጠገኛና ፀጉር ቤት የተደረደሩበት ቦታ ላይ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ የሚንጣጣ ረጅም አዳራሽ ነበረን። በበሩ ብቅ ብለህ ስታይ የአባያ ሐይቅ ወተት እንደ ገባበት ሻይ ተንጣሎ ይታያል። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በሱሪ ነው፤ ይህ የሆነው በካኪ ሱሪዬ ዘመን ነው፣ ከፊሉ ጉልበቱ ሳይጣፍ፣ ከፊሉ ከተጣፈ በኋላ። ደርግ ነበር። ሁሉም ሰው ጓድ ነበር። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነበር፤ ሻይ ግን በአሥር ሳንቲም እንደ ልብ ይገኝ ነበር፣ ያለ ስኳር ለሚጠጣ ሰው። ጠዋት ከአባያ የወጣ ቆሮሶ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው ጥግ ላይ ተጠብሶ በሚያቃጥል ዳጣ ይበላል፤ አንድ ሙሉ ዓሣ፣ ዛሬ አንድ ካራሜላ በማይገዛ ሳንቲም። ከመንገዱ ማዶ የቀበሌው ኪነት ቡድን ቀኑን ሙሉ ይለማመዳል፤ አንድ ከበሮ፣ አንድ አኮርዲዮን፣ ብዙ ቀይ ሸሚዝ። መወርወሪያችን ወደድንም ጠላንም የእነሱን ምት ይከተላል፤ ከበሮ መቺው ጠጥቶ የመጣ ዕለት የአርባ ምንጭ ጋቢ ሁሉ ይንጋደዳል። እነሱ ሲያርፉ ደግሞ ከመካከላችን አንዱ መዝሙር ያነሣል። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር ቃሉን ውጠን ዜማውን ብቻ በአፍንጫችን እናዜመዋለን። ካድሬ ድንገት ቢገባ የሚሰማው የሸማኔ ማንኮራፋት ነው።

ስለ ራሴ ሙያ መናገር ካለብኝ አጭር ነው፤ ከማኅበሩ ሁሉ የመጨረሻው ሸማኔ ነበርኩ። አባቴ የታወቀ ዱንጉዛ ሠሪ ነበር፤ ያንን ቀይና ቢጫና ጥቁር ጨርቅ እንደ ሥዕል ያወጣዋል። ሙያው ግን እኔን ሲያይ ደንግጦ አልፎኝ ሄደ። ጋቢ ስጀምር ወርዱ ልክ ነው፤ መካከሉ ላይ ጨዋታ ስጀምር እጄ እየጠበቀ ይመጣል፤ ጨዋታው ሲያልቅ እንደገና ይሰፋል። ስለዚህ የእኔ ጋቢ ሁሉ ወገብ ነበረው፣ እንደ ቆንጆ ሴት። «ባለ ወገቡ ማርቆስ» ይሉኝ ነበር። አሁንም ሲቀላ ገበያ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራኝ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ዘወር አልልለትም፣ ጆሮዬ ደክሟል እያልኩ።

እንዲህ ያለውን ሰው ለምን አቆዩት ትሉ ይሆናል። ጋሽ ጫቦ ነው ያቆየኝ። ጋሽ ጫቦ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር፤ ራሱም ሸማኔ፣ ጆሮው ትልቅ፣ ድምፁ ትንሽ። ሰው ሲያስቀምጥ እንደ ሠርግ አጋፋሪ ነው፤ ማን ከማን ጎን ቢሆን እንደሚሻል ያስባል። እኛ እንደምታውቁት እግራችንን ጉድጓድ ውስጥ ሰድደን፣ መርገጫውን እየረገጥን ነው የምንሠራው፤ ጉድጓዱ የሸማኔ ወንበሩም ቢሮውም ነው። ጋሽ ጫቦ ብርቱውን ከደካማው፣ ኩርፊያ የሚወደውን ከተጫዋቹ ጎን ያደርገዋል። እኔን በመሬት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች መካከል አስቀመጠኝና፣ «ያንተ ሥራ እነዚህን ማሳቅ ነው፤ ጋቢም ከተሠራ እሰየው» አለኝ። ጠዋት ጠዋት በየጉድጓዱ አፋፍ እየዞረ «እንዴት አደርክ?» ይላል፤ ከዚያ መልሱን ቆሞ ይሰማል። ልጅ የታመመበት ይናገራል፣ ላም የወለደችለት ይናገራል፣ እኔ እዋሻለሁ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ገና ግማሹ ክሩን አላጠነጠነም። እውነቱን ልናገር እንጂ፣ አንድ ጊዜ የሐኪም ቤት ብርድ ልብስ ታዝዘን ብርዱ ካለፈ በኋላ ነው ያስረከብነው።

አንድ ልማድ ነበረን፤ ስሙ «ስንዝር» ነበር። ውኃ ልትጠጣ ወይም ወገብህን ልታፍታታ ስትነሣ በቀጥታ ወደ ጉድጓድህ አትመለስም። የታመመ፣ ልቅሶ የሄደ፣ ወይም እጁ የዘገየ ሰው ካለ፣ እሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብተህ አንድ ስንዝር ያህል ትሠራለትና ትወጣለህ። ሰጥቻለሁ ማለት ነውር ነው። የተሰጠውም አያመሰግንም፤ ዝም ብሎ ካቆምክበት ይቀጥላል። ማንም ማን እንደሰጠ አይጠይቅም። ይህን ልማድ ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ አባቶቻችንም እንዲህ ሲያደርጉ ነው ያየነው።

በእኛ ጊዜ ስንዝሩ ሁሉ የሚሄደው ለጋሽ ዳርጫ ነበር። ጋሽ ዳርጫ የኦቾሎ ሰው ነው። በወጣትነቱ የሠራው ዱንጉዛ ባላባት ትከሻ ላይ ውሏል። እኔ ሳውቀው ግን ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት፣ ድሩን በጣቱ እየዳሰሰ ነበር የሚወረውረው። ሚስቱ ሞታ ሲቀላ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ይኖራል። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ አሁንስ ለምን አያርፉም?» ብለው ሳቀብኝ። «ማርቆስ፣ ቤት ስቀመጥ ጨለማ ነው። እዚህ ስቀመጥ ግን ሰው ነው» አለኝ። ከጨርቁ ላይ የሌላ ሰው እጅ ሲያገኝ እንደ ልማዱ ዝም ይላል። የእኔ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ጣቱ ጠበብ ያለችው ላይ ቆም ይልና፣ «ኧረ አንተ ልጅ! ይቺ ጋቢ ምን አድርጋህ ነው አንገቷን ያነቅካት?» ይላል። አዳራሹ በሙሉ መወርወሪያውን ጥሎ ይስቃል።

ከዚያ ጓድ ፋሲል መጣ። ሥራ አስኪያጅ ተብሎ ከበላይ የተላከ፣ የሰሜን ሰው፣ ውጭ አገር የተማረ፣ ቀጠን ያለ ትሑት ወጣት ነበር። ሚስቱ ሴቻ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ስጽፍ እጄ እንዲህ አይከብደኝም ነበር። በመጣ በሳምንቱ የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠገነ፣ የእጅ መታጠቢያ ሳሙና አስመጣ፣ የራስ ምታት ክኒን በሣጥን አስቀመጠ። ከእኛ ጋር ኩርኩፋ፣ ያንን የበቆሎና የጎመን ምግባችንን፣ በዳጣ በልቶ እንባው እስኪወርድ አለቀሰ፣ ግን አልተወውም። ከዚያ ደግሞ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት አስመጥቶ በሩ ፊት ለፊት ሰቀለ። እስከዚያ ቀን ድረስ አዳራሹ ውስጥ ሰዓት አልነበረም፤ ምሳ መድረሱን የሚነግረን የኪነቱ ከበሮ ዝም ማለቱ ነበር።

ሁላችንንም ሰብስቦ፣ «ጓዶች» አለ፣ «ሠርታችሁም ሳትሠሩም እኩል ነው የምትከፈሉት። ይህ ለብርቱው በደል ነው። ከዛሬ ጀምሮ በየጉድጓዱ ቁጥር ይጻፋል። በወሩ መጨረሻ ከየጉድጓዱ የወጣው ይለካል። የበለጠው ይሸለማል።» ከዚያ በትሕትና ወደ መሬት እያየ፣ «ሁለት ወር በተከታታይ የመጨረሻ የሆነ ደግሞ ቦታውን ተራ ለሚጠብቅ ወጣት ይለቃል» አለ።

ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ። እኔም ከጀርባዬ ሌላ ሰው አለ እንዴ ብዬ ዞርኩ። ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ጋሽ ዳርጫ ሄደ። እኔ ብባረር ከብት እጠብቃለሁ፣ ሙዝ እጭናለሁ፣ ሰውም እንደ ልቤ አስቃለሁ። እሱ ቢባረር የሚጠብቀው ያ ጨለማ ነው። እሱ ራሱ አገጩን ወደ ድምፁ አቅንቶ ያዳምጥ ነበር፤ እጁ መወርወሪያውን አጥብቆ ይዟል።

ስለዚህ ነገር ማንም ከማንም ጋር አልተነጋገረም። መነጋገር ነውር ነበራ! እያንዳንዱ ሰው በልቡ «ሌሎቹ አሁን ስለ ራሳቸው ልኬት ይፈራሉ፤ አንድ ስንዝር እኔ ልጨምርለት» አለ። ሰዓቱ እያየን፣ ጓድ ፋሲል ወደ ቢሮው ገባ ሲል፣ አንዱ ይነሣል ውኃ ይጠጣል፣ ሌላው ይነሣል ወገቡን ያፍታታል። ያን ወር የተጠጣው ውኃ አባያን ዝቅ ሳያደርገው አልቀረም።

የወሩ መጨረሻ መጣ። ጓድ ፋሲል የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከጉድጓድ ጉድጓድ ዞረ። መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልገረመውም፣ እኔም የገዛ እጄን ጨብጬ ራሴን እንኳን ደስ አለህ አልኩት። አንደኛ የወጣው ግን ጋሽ ዳርጫ ነው። ያውም ሁለተኛውን እጅግ ርቆ።

ጓድ ፋሲል በደስታ ፊቱ በራ። እሱ የሚያየው አንድ ነገር ነበር፤ ወጣቶቹን ሁሉ የቀደመ ሽማግሌ። የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«አባባ! ይህን ሁሉ ጋቢ!»

«የማን ነው?» አለ ጋሽ ዳርጫ።

«የእርስዎ ነው እንጂ! የማን ሊሆን ነው?»

ጋሽ ጫቦ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንተም ሰጥተሃል?» አለኝ በሹክሹክታ። በሕይወቱ ያን ነውር ጥያቄ ሲጠይቅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«በየቀኑ አንድ ስንዝር ብቻ» አልኩት።

«እኔም በየቀኑ አንድ ስንዝር ብቻ» አለና ዙሪያውን አየ። ሁሉም አንድ ስንዝር ብቻ የሰጠ ሰው ፊት ነበረው።

ያ ጋቢ ግድግዳው ላይ ከሰዓቱ ሥር ተሰቀለ፣ በቀይ ጥብጣብ ታስሮ። ዓይን ላለው ሸማኔ የብዙ ሰው እጅ እንዳለበት ከሩቅ ይታያል፤ እዚህ ጋ ጠበቅ፣ እዚያ ጋ ላላ፣ የጋሽ ጫቦ ለስላሳ ምት፣ የወንድማማቾቹ ቁጣ። ከግርጌው ደግሞ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ግልጽ ወገብ። ጓድ ፋሲል ግን ሸማኔ አልነበረም። ርዝመቱን ነበር የሚያየው።

ነገሩ እዚያ ቢቆም ኖሮ የሚያስቅ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። አልቆመም። ጓድ ፋሲል ወሬውን ለበላይ አስተላለፈ፤ በላዮቹም ኮከብ ሠራተኛውን መጥተን እናያለን አሉ። ጋሽ ጫቦ ነገሩን ሊገልጥ ተነሥቶ ነበር፤ ጋሽ ዳርጫ እጁን ያዘው። «አትናገር» አለው በጋሞኛ፣ «ካወቀ ያስወጣኛል። ድሩ ካልተበጠሰ እወረውረዋለሁ። ለአንድ ቀን ነው።» ጋሽ ጫቦም ዝም አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ዝምታን እንደ ሙያ የለመድን ሰዎች ነበርን፤ ስንዝር በዝምታ ነበር የሚሰጠው።

እንግዶቹ በላንድሮቨር መጡ፤ ሰፋሪ ኮት የለበሱ፣ ወፈር ያሉ፣ ሙቀቱ ያስጨነቃቸው። ጓድ ፋሲል ለጋሽ ዳርጫ ከገዛ ደመወዙ አዲስ ጫማ ገዝቶለት ነበር፤ እንዳይጠበው እያለ ራሱ አጎንብሶ ሲያስርለት አየሁት። ከዚያ ኮከቡ በደንብ እንዲታይ እኛን ከጉድጓዳችን አስወጥቶ በግድግዳው ዙሪያ አቆመን። አዳራሹ መካከል አንድ ሰው ብቻ ቀረ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሲሠራ አይቼ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ዳርጫ ጀመረ። ጌታ ያውቃል፣ አማረበት! የዱሮው እጅ ተመለሰ፤ መወርወሪያው ግራ ቀኝ እንደ አባያ ወፍ ይበራል፣ አዲሱ ጫማ መርገጫው ላይ ይጮኻል። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጓድ ፋሲል እጁን አጣምሮ እንደ አባት ያይ ነበር። እኔም በልቤ «ይኸው ሊያልፍ ነው» አልኩ።

ያኔ ድሩ ተበጠሰ።

የተበጠሰ ክር ምንም አይደለም፤ ሁለቱን ጫፍ ፈልገህ መቋጠር ነው። ግን ነጭ በነጭ ላይ ነው፤ ዓይን ይፈልጋል። ጋሽ ዳርጫ ቆመ። ጣቶቹ ድሩ ላይ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ አንዱን ጫፍ ያገኛሉ፣ ሌላውን ሲፈልጉ የመጀመሪያውን ይጥላሉ። የሰዓቱ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ከግድግዳው ዙሪያ የቆምነው ሰዎች ሁላችን፣ ማንም ሳያዝዘን፣ በአንድ ጊዜ አንድ እግር ወደ ፊት አነሣን።

«ማንም እንዳይነቃነቅ!» አለ ጓድ ፋሲል ፈገግ ብሎ፤ በደስታ ተሽቀዳድመን መስሎት ነበር።

እግራችንን መለስን።

ጋሽ ዳርጫ እግራችን ሲነሣም ሲመለስም ሰምቷል። እጁን ከድሩ ላይ አነሣና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «ጓድ፣» አለ በዚያ ሰበር ባለው አማርኛው፣ «እኔ አላይም። እዚያ የተሰቀለችው ጋቢ የእኔ አይደለችም። የእነሱ ናት።»

ከእንግዶቹ አንዱ የትሕትና ንግግር መስሎት አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከተሉት። ጭብጨባው እስኪያልቅ ድረስ ጓድ ፋሲል ፊቱ እንዴት እንደ ተለወጠ አልነግራችሁም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጓድ ፋሲል በቢሮው በር ላይ ጋሽ ጫቦን አቆመው። እኛ ጉድጓዳችን ውስጥ ሆነን እንሰማለን።

«አታለላችሁኝ፣ ጋሽ ጫቦ።»

«እኛ ጋቢ ነው የሰጠንዎት። ኮከብ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ያ ጋቢ የማን ነው?»

«የሁላችን።»

«የሁላችን የሚባል ጉድጓድ የለም! ሰነፉን ከብርቱው በምን ልትለዩት ነው?»

«መለየት ስንጀምር ማን እንደሚቀር ፈርተን ነዋ፣ ጓድ።»

የጓድ ፋሲል ድምፅ እንደ ልጅ ሆነ። «እኔ እኮ ሐኪም ጋ እልከው ነበር። ዓይኑ በቀዶ ጥገና የሚድን ይሆን ነበር፤ ማን ያውቃል? ወይም ክር የሚያጠነጥንበት ቦታ እሰጠው ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ለምን አልነገረኝም?»

ጋሽ ጫቦ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። እኔ ስንት ሱሪ ጨርሼ ዛሬም መልሱን እፈልጋለሁ። አንዳንዴ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሁለቱን አስቀምጬ አከራክራቸዋለሁ፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፣ ጋሽ ዳርጫ ግን መካከላቸው ተቀምጦ የተበጠሰ ክር ይፈልጋል።

ጋሽ ዳርጫ ከማኅበሩ ወጣ። ከበላይ ነው የታዘዘው፤ ጓድ ፋሲል ሊያስቀረው ሞክሮ ነበር ይባላል፣ አምናለሁ። መወርወሪያውን ሊወስድ የእህቱ ልጅ እጁን ይዛ መጣች። ጫማውን አልለበሰም፤ ጠቅልሎ ቢሮው በር ላይ አኖረው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀመጠና በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ። ጉድጓዱ ወዲያው ተራ ለሚጠብቅ ወጣት ተሰጥቷል፤ እኔ፣ የመጨረሻው፣ ከመባረር የተረፍኩት የእሱ መውጣት የበላዮቹን ቁጣ ስላበረደ ነው፤ ይህንንም እየሳቅኩ ላወራው ሞክሬ አልሆነልኝም። የሥራ ሰዓት ነበር። ሁላችንም እንወረውር ነበር። «ደህና ዋሉ» አለ። «ደህና ይግቡ ጋሼ» አልን፣ እጃችንን ሳናቆም። ሲቀላ ያለችውን ክፍል አስረክቦ ወደ ኦቾሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በየጉድጓዳችን ዙሪያ በኖራ ነጭ መስመር ተሠመረ። ማንም የሌላውን መስመር አያልፍም። ውኃ የሚጠጣ ይጠጣል፣ ወደ ራሱ ይመለሳል። ሥራው ጨመረ፤ ይህን አልክድም፤ ሐኪም ቤቱም ብርድ ልብሱን በብርድ ጊዜ አገኘ። እኔ እንኳ ከፍርሃት የተነሣ ወገብ የሌለው ጋቢ መሥራት ቻልኩ። አባቴ ቢያይ ደስ ይለው ነበር። ጨዋታ ስለተውኩ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ቀን በጉድጓዴ ላይ ተሻግረው በቃል ሲነካከሱ ሰማሁ፤ መስመሬን ጠብቄ ድሬን መታሁ። ብዙም ሳይቆይ ከኦቾሎ የጋሽ ዳርጫ መርዶ መጣ። ድሮ ቢሆን አዳራሹ ተዘግቶ ሁላችን ዳገቱን እንወጣ ነበር፤ ለልቅሶው ሁለት ተወካይ ተፈቀደ፣ ልኬታቸው ጥሩ ከሆኑት። እኔ አልደረሰኝም።

ደግሞ ያም ዘመን አለፈ። እንዴት እንዳለፈ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ ጠዋት ጓድ ፋሲል ጓድነቱን ትቶ አቶ ፋሲል ሆኖ፣ ከሚስቱና ከሁለት ሻንጣው ጋር መናኸሪያው ላይ ታየ። ሄጄ ልጨብጠው አስቤ ነበር፤ አውቶቡሱ ቀደመኝ። የግድግዳው ሰዓት የሚሞላው ሰው ጠፋና ቆመ። ማኅበሩን የሚመራው እንደገና ጋሽ ጫቦ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት ባልዲና መጥረጊያ ይዘን ኖራውን አጠብነው፤ እየሳቅን፣ እየተረጫጨን፣ መዝሙሩንም ከነቃሉ ከፍ አድርገን እየዘመርን። ጋሽ ጫቦ ጠዋት በየጉድጓዱ መዞር ጀመረ። «እንዴት አደርክ?» ይላል። «ደህና» እንለዋለን። ቆሞ ይጠብቃል። እኛ ከደህና ሌላ የምንለው ጠፋን፤ እኔ እንኳ ውሸት አልመጣልህ አለኝ።

በዓመቱ ይሁን በሁለት ዓመቱ፣ ጋሽ ጫቦን ሕመም ቀኝ እጁን ያዘው። ሳምንት ተኝቶ መጣና ጉድጓዱ ገባ። የጀመረው ጋቢ ነበር። በግራ እጁ ሊወረውር ሞከረ፤ መወርወሪያው ወደቀ። አነሣው፤ ወደቀ። ሁላችንም አየን። አንዱ ተነሥቶ ውኃ ጠጣ፣ በጋሽ ጫቦ አጠገብ አለፈ፣ ወደ ራሱ ጉድጓድ ተመለሰ። ሌላው ተነሣ፤ ወገቡን አፍታታ፤ ተቀመጠ። እኔም ተነሥቼ ጠጣሁ። ኖራው በነበረበት ቦታ ላይ ስደርስ እግሬ ራሱ ዞረ። ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁት፤ የቆመ ሰዓት ነው፣ እናውቃለን፣ ግን ሁላችን እናየው ነበር። ጋሽ ጫቦ ማንንም አልተናገረም። ልማዱ አይፈቅድለትማ፤ ስንዝር አይለመንም። ያ ጋቢ እስከ ግማሹ ተሠርቶ ክረምቱን ሙሉ ድሩ ላይ ቆየ፤ ኋላ ልጁ መጥቶ በመቀስ ቆርጦ ወሰደው። ማንም አልከለከለንም ነበር።

«አባባ፣ ይገዛሉ ወይስ ልመልሰው?» አለችኝ የሱቋ ልጅ።

ለካ እዚያው ቆሜ ብዙ ቆይቻለሁ። እሷም ቆማለች፤ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ እየደገፈች።

«ተቀመጪ እንጂ ልጄ፣ እኔ ቸኩዬ አይደለም።»

«አይቻልም» አለችና በአገጯ ወደ ጣሪያው ጥግ አሳየችኝ። ትንሽ ጥቁር ካሜራ አለች። «ባለቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ በስልኩ ያየናል። ከተቀመጥን ይደውላል።»

«ሌላ ሠራተኛ የለም የምትተካሽ?»

«ከጎን ሱቅ ጓደኛዬ አለች። ልትተካኝ ብትገባ እሷንም ያያታል።»

ዙሪያዬን ወንበር ፈለግኩ፤ የለም። አንድ እግሬን ወደ ባንኮኒው ማዶ፣ ወደ እሷ፣ አነሣሁ፣ ለምን እንዳነሣሁት አላውቅም፤ ይህ ሽማግሌ ምን ሊረዳት ነው፣ ጋቢ ሊያሸትላት? መለስኩት። ገንዘቡን ከፈልኩ። ከማጠፏ በፊት ግን ጋቢውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁና ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ጋሽ ዳርጫ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ሄድኩበት። ቀጥ ያለ ነው። አንድ ቦታ ላይ እንኳ አልጠበበም፤ የአንድም ሰው እጅ አላለፈበትም።

«ጥሩ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳት። «ጠቅልይልኝ።»